ስምንት ብስክሌት በአንድ ቆጣሪ፦ ከጅማ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 18 ቀን 2017፣ እሑድ

ጅማ ላይ የብስክሌት ኪራይ ልጀምር ነው፤ እስካሁን ወረቀት ላይ ያለው ይሄ ነው። ሦስት ማቆሚያ፦ መርካቶ የብየዳ ቤቴ ደጅ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ ጂረን እህቴ ግቢ በር ላይ። ስምንት ብስክሌት፦ ስድስቱ በፔዳል ብቻ፣ ሁለቱ ሞተር የሚገጠምላቸው። ሰው አንዱ ጋ ያነሳል፣ ሌላው ጋ ያቆማል። ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው እኔ ቤት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ነው። ባጃጆቹ ማደያ ተሰልፈው ይውላሉ፣ ሰው ዘንቢሉን ይዞ በእግሩ ዳገት ይወጣል። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። እኔ መኪና የምገዛበት የለኝም። ያለኝ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና አንድ ፌዝ መስመር ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ሒሳብ። የባለ 36 ቮልት ባትሪ ቻርጀር 42 ቮልት በ2 አምፔር ይሰጣል፤ 84 ዋት። ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ጨምሬ 100 ዋት ልበለው። ቤታችን ያለው የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። አንድ ምጣድ በሚበላው 35 ባትሪ በአንድ ጊዜ ይሞላል። «መብራቱ ይችለዋል ወይ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይቺ ናት።

ጥር 26፣ ሰኞ

ስድስት አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 7,500 ብር። ለሞተር የሚሆኑ ጠንከር ያሉ ሁለት ደግሞ በ9,500 ሒሳብ። ከስድስቱ ሁለቱ አግዳሚ ብረት የሌላቸው የሴት ብስክሌቶች ናቸው። ሻጩ ከሌሎቹ ጋር ካልወሰድክ አልሸጥም ስላለኝ ነው እንጂ አስቤበት አልነበረም።

ጥገናውን ሰፈራችን ካሉት ብስክሌት ጠጋኝ ጋር ያዝነው። ጋሼን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ያከራዩን የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሰዓት ካሳለፍን ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ይፈልጉን ነበር። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪያ፣ የተሰበሩ ራጂዎች፤ በድምሩ 11,200 ብር። ሥራው ሳይሆን ብሎኖቹ ናቸው ያስቸገሩን፤ ግማሾቹ ዝገው በግራይንደር ነው የተቆረጡት።

ጋሼ ጎማውን እያሽከረከሩ፣ «ልጄ፣ ይሄ ቸርኬ ብረት ነው። ዝናብ ሲመጣ እንነጋገራለን» አሉኝ። እኔ የሞተሩን ሒሳብ እየሠራሁ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ማቆሚያዎቹን በቱቦላሬ በየድኩ። ሦስቱ ከነአንቲረስት ቀለሙ 14,600 ብር። የፊት ጎማ ብቻ ገብቶበት የሚቆም ዓይነት ነበር፣ እንደ ሳህን መደርደሪያ። ያምራል። በሦስተኛው ቀን አንድ ፍየል ይሁን ልጅ እንጃ ብስክሌቷን ገፍቷት ቸርኬዋ ስምንት ቁጥር ሆና አገኘኋት። ጎማው ተይዞ አካሉ ሲወድቅ ኃይሉ ሁሉ ራጂዎቹ ላይ ነው የሚያርፈው።

አፈረስኩት። አሁን የተገለበጠ ዩ ነው፦ ብስክሌቱ ወገቡን አስደግፎ ይቆማል፣ ሰንሰለቱ አካሉንም ጎማውንም ይይዛል። ማስተካከያው 3,900 ብር። መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ብረቱም ያንስ ነበር።

የካቲት 16፣ እሑድ

ባትሪዎቹ ከአዲስ አበባ መጡ። ሁለት፣ 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ይላል ሽፋኑ፣ ማለትም አንድ አምፔር ለአሥር ሰዓት፤ አንዱ 26,000 ብር። ሽፋን ላይ የተጻፈን ማመን ትቻለሁ፤ ለካሁት። ሦስት ባለ 12 ቮልት 55 ዋት የመኪና አምፖል በተከታታይ አሰርኩ፤ ወደ 4.6 አምፔር ይጎትታሉ። ባትሪውን ሞልቼ፣ አምፖሎቹን አብርቼ፣ ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ።

አንደኛው ሁለት ሰዓት ገደማ ቆየ፦ 9.1 አምፔር ሰዓት። እሺ። ሁለተኛው በአንድ ሰዓት ከሩብ ድርግም አለ፦ 5.8።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ አልሞላኸውም ማለት ነው» አለኝ። ሞልቼዋለሁ ብዬ ቁጥሩን ስነግረው መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አያነሳም።

ከፈትኩት። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ውስጡ አሥር ረድፍ ሴል ነው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ እዚህ አራት አራት ናቸው። ሴሎቹ ሦስት ዓይነት ቀለም፣ የድሮ ብየዳ የተነቀለባቸው ምልክት ያላቸው፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ናቸው። አንደኛው ረድፍ 2.7 ቮልት ላይ ሲወድቅ ሌሎቹ ገና 3.5 ላይ ነበሩ። መቆጣጠሪያ ቦርዱ የደከመውን ረድፍ አይቶ ሁሉንም ይዘጋል። ትክክልም ነው፤ ባይዘጋ እሳት ነበር።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

40 ሴል አዲስ ገዛሁ፣ 10,000 ብር። የኒኬል ቅጠል 1,200። ትንሽ ስፖት ዌልደር (ነጥብ በነጥብ መበየጃ) 4,800። በእርሳስ ማቅለጫ ካውያ ልሞክር ብዬ ነበር፤ አንድ የሞተ ሴል ላይ ሞከርኩና ተውኩት። ሊትየም ሴል ያን ያህል ሙቀት አይወድም፣ ውስጡ ያለው ስስ መለያ ይጎዳል። ስፖት ዌልደር በቅጽበት ነክቶ ይለቃል። አሁን 9.8 ይሰጣል።

ሞተሮቹ 350 ዋት፣ የፊት ጎማ ላይ የሚገጠሙ፤ ከነመቆጣጠሪያቸው አንዱ 24,000። የመጀመሪያው ሙከራ ከደጄ 50 ሜትር አልዘለቀም። የሞተሩ አክስል ራሱ ፎርኬላው ውስጥ ዞረ፣ ገመዱን ጠመዘዘው፣ ሁለት ሽቦ ተቆረጠ። ፎርኬላው የተሠራው ተራ ጎማ ለመሸከም እንጂ ጠምዛዛ ኃይልን ለመቻል አይደለም። ከ6 ሚሊሜትር ላሜራ ክንድ ቆርጬ አክስሉን ከፎርኬላው ጋር አሰርኩት። የክንዱን ቀዳዳ በሞረድ ማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ምክንያቱም ትንሽ ከሰፋ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ጂረን። ከመርካቶ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ድረስ፣ እኔው ራሴ፣ በጣም ሳልረግጥ። መለኪያው 2.7 አምፔር ሰዓት አለ፤ ወደ 100 ዋት ሰዓት። በወረቀትም ይቀራረባል፦ ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢሆኑ፣ 100 ሜትር ከፍ ለማለት 27 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ሞተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 40 ገደማ፤ 100 ዋት ሰዓት እንግዲህ ወደ 250 ሜትር ከፍታ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ባትሪ ሦስት ጊዜ ያወጣኛል። መውረጃውስ ባትሪ አይመልስም ወይ ያለኝ ነበር። አይመልስም፤ የኔ ሞተር ውስጡ ጥርስ ያለው ነው፣ ቁልቁለት ላይ በነጻ ይሽከረከራል።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ተከፈተ።

ለዘመናዊነት ብዬ ሁለት የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ገዝቼ ነበር፣ 13,000 ብር። ሲም ካርድ አላቸው፤ ሰው በስልኩ ኪው አር ኮድ ያነሳል፣ ከፍሎ ቁልፉ ይከፈታል ነው። የሆነው ይሄ ነው፦ ኔትወርክ ሲደክም ቁልፉ አይከፈትም፤ ሲከፈት አይዘጋም፤ በሁለተኛው ቀን አንዲት ተማሪ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ ከፍላ ስትጠብቅ ሃያ ደቂቃ ቆመች። ገንዘቧን መለስኩ፣ ቁልፎቹን አወጣሁ። አሁን መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ጋሼ ደብተር አመጡ። ባለ ካሬ ደብተር፣ በማስመሪያ የተሰመረ፦ ስም፣ መታወቂያ፣ የወጣበት ሰዓት፣ የገባበት፣ ከየት ወደ የት። መታወቂያ ይያዛል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ኪቶ ላይ ይመዘግባል፣ ከጠቅላላው ገቢ አምስተኛውን ይወስዳል። መታወቂያው ግን ከሰውየው ጋር መድረስ አለበት፤ ኪቶ አስይዞ መርካቶ የሚያቆም ሰው መታወቂያው ኪቶ ይቀራል። ለዚህ መፍትሔው የደንበኛ ካርድ ሆነ፦ አንድ ጊዜ መታወቂያው ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ በቁጥሩ ይወስዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ መሆናችን እዚህ ላይ ጠቀመ።

ዋጋ፦ በፔዳል ግማሽ ሰዓት 15 ብር። በሞተር ወደ ጂረን 25 ብር።

ሮመዳንና ሁዳዴ ዘንድሮ ተደራርበዋል። ቀን ላይ ማንም አይነካቸውም። ከኢፍጣር በኋላ ግን ደብተሩ ይሞላል፤ ተራዊሕ ሰግደው የሚመለሱ ወጣቶች። መብራት ያልገጠምኩት ለዚህ ነው የቆጨኝ። በማግስቱ ለሁሉም የኋላ አንጸባራቂና የፊት መብራት አሰርኩ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ያልጠበቅኩት ችግር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጂረን አንድም ብስክሌት የለም፤ መርካቶ ሰባት ተደርድረዋል። ሰው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲመለስ ባጃጅ ይይዛል። ማን ይፈርዳል?

መጀመሪያ ያደረግኩት ባጃጅ ላይ ጭኖ መመለስ ነው። ሁለት ብስክሌት በአንድ ጉዞ 120 ብር፤ ማለትም ከስምንት ኪራይ የማገኘው። ሳምንት አልቆየሁበትም።

ሁለተኛ፣ ፔዳል ብስክሌት ይዞ ጂረን ለወጣ ሰው በነጻ አልኩ። ይሄ ሠራ ማለት ይቻላል። ጉልበት ያላቸው፣ እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ማታ ማታ እየተወዳደሩ ያወጡልኛል። አንዱ ደግሞ ሌላኛውን በገመድ አስሮ ሁለት በአንድ ጊዜ ካላወጣሁ አለ፤ ይሄን ከለከልኩ።

ሦስተኛው ለውጥ ከሁሉ ይልቃል፦ ሁለቱን ባለ ሞተር ለዳገቱ ብቻ አደረግኳቸው። እስከዚያ ድረስ ኪቶ ፉርዲሳና መርካቶ መካከል ለመዝናናት ይወስዷቸው ነበር፣ ባትሪው እዚያ ያልቃል፣ ዳገት የሚወጣ ሲመጣ ባዶ። አሁን በሞተር የወጣ ሰው ጂረን ይተዋታል፣ የእህቴ ልጅ ባትሪ ሳይነካ ቁልቁል ይዟት ይመጣል፣ እኔ ጋ ትሰካለች።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ ሹር

ሁለት ቻርጀር ሞተ።

ሰፈሩ ሁሉ ለፋሲካ ይጋግራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሶኬቱን በቴስተር ለካሁ፦ 158 ቮልት። ቻርጀሮቹ ርካሾች ናቸው፤ በዝቅተኛ ቮልት የሚጎትቱትን አምፔር ጨምረው ይግላሉ። ያም ሆኖ አልገደላቸውም። የገደላቸው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ሲነጣ አየሁት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ጠሽ የሚል ድምፅና ሽታ። ስከፍተው ትልቁ ካፓሲተር አብጦ ራሱ ተሰንጥቋል።

ያኔ ገባኝ፦ የምጣዱ ሒሳቤ የዋት ሒሳብ ነበር። ዋቱ ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን እኛ ስንሰካ ጎረቤትም ምጣዱን ይሰካል፣ ቮልቱ የጋራ ነው።

አዲስ ሁለት ቻርጀር 5,600። ሁለት ፍሪጅ ጋርድ 2,800፤ ቮልቱ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ይዘጋል፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚከፍተው። እንዲሁም ሰዓት ቀየርኩ፤ ቻርጅ የሚደረገው ከጠዋቱ አራት እስከ አሥር ሰዓት ነው፣ እኔ እዚያው እየሠራሁ። ሌሊት ሰክቼ አልሄድም። ባትሪዎቹም ከላሜራ በሠራሁት ሳጥን ውስጥ፣ ከእንጨትና ከቀለም ቆርቆሮ ርቀው ነው የሚቀመጡት። ብየዳ ቤት ነውና ብልጭታው አያስተማምንም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

የኤሌክትሪክ መኪና እንግዳ። አዲስ አበባ ተነስቶ፣ ጊቤ በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነድቶ 18 በመቶ ቀርቶት ጅማ ገባ። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ «ቻርጅ ታደርጋላችሁ አሉኝ» ብሎ ደጄ ላይ ቆመ። «ብስክሌት ነው የምናደርገው ጌታዬ» አልኩት። ከመኪናው ጋር የመጣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ አለው። እስኪ ብዬ ፈቀድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

10 አምፔር ላይ አደረገው። በ200 ቮልት 2 ኪሎ ዋት። ባትሪው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው አለኝ፤ 80 በመቶ ለማድረስ ብቻ ከ15 ሰዓት በላይ። ቡና ጠጥተን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሶኬቱ ቀለጠ። ግድግዳው ውስጥ ያለው 1.5 ሚሊሜትር ሽቦ ነበር፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ።

የብስክሌት ቻርጀር ግማሽ አምፔር ብቻ ስለሚጎትት ያ መጥፎ መጋጠሚያ ለወራት ዝም ብሎ ኖረ። መኪናው ሃያ እጥፍ አምፔር ጎተተ። ሙቀት በአምፔሩ ልክ አያድግም፣ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ ሃያ እጥፍ አምፔር 400 እጥፍ ሙቀት ማለት ነው።

ከቆጣሪው ራሱን የቻለ 4 ሚሊሜትር መስመር ሳብኩ፣ የራሱ ብሬከር፣ የሴራሚክ ሶኬት፤ 3,700 ብር። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ጭራሽ አልነበረም፤ ዘንግ ቀበርኩ፣ 1,900። እንግዳው ወዳጁ ቤት አድሮ በማግስቱ ማታ ሄደ። መኪና ግን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ለዚያ የራሱ ትራንስፎርመር ያለው ቦታ ነው የሚያስፈልገው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዝናቡ ገብቷል። የጅማ ዝናብ ከገባ አይወጣም።

ሰኞ ዕለት አንድ ልጅ ከጂረን ሲወርድ ፍሬን ይዞ አልያዘለትም። ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው የቆመው፤ ክንዱ ተልጧል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ የለም። ጤና ጣቢያ ወስጄ አሳከምኩት፣ ለእናቱም ቡና ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ጋሼ ጋ ስሄድ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ቸርኬው» አሉ። ብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬን ጎማው ይንሸራተታል፤ አልሙኒየም ላይ በጣም የተሻለ ይይዛል። ቀይ ጭቃው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጎማውን ይበላዋል፤ ሦስት ወር ይቆያል ያልኩት በአምስት ሳምንት አለቀ። ለስድስቱም የፊት ቸርኬ አልሙኒየም ቀየርኩ፣ 11,400፤ የፍሬን ጎማ 2,100። በጥር ብጠይቃቸው ኖሮ እነዚህን ብስክሌቶች በዚያ ዋጋ አልገዛቸውም ነበር። ጋሼ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ ዝም ማለታቸው ከስድብ ይብሳል።

የሞተሩ ማገናኛ ውስጥም ውሃ ገብቶ አንደኛዋ እየነጠረች ትሄድ ነበር። ማገናኛውን ወደ ታች አዙሬ፣ ገመዱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ እንዲንጠለጠል አድርጌ አሰርኩት፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ይሄ በነጻ ነው።

ሌላ ነገር። አንዲት ነርስ ቀሚሷ ካቴና ውስጥ ገብቶ ተቀደደ። «ወንድሜ፣ እኛ ሱሪ ለባሾች አይደለንም፤ ለኛም ካሰብክ ሸፍነው» አለችኝ። ከስስ ላሜራ የካቴና መሸፈኛ ቆርጬ በየድኩ፣ ለኋላ ጎማውም በመረብ ከለላ። ያ ከተሠራ ወዲህ ሁለቱ የሴት ብስክሌቶች አይቆሙም፤ ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናቶች ሳይቀሩ ይወስዷቸዋል። ወንዶቹም ዘንቢል ይዘው ለመውጣት ይቀላል ብለው ይሻሙባቸዋል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ደብተሩን ደመርን። በፔዳል የተከፈለ 1,040 ጉዞ፣ በሞተር ወደ ጂረን 296፣ በነጻ ዳገት ያወጡልን 214። ገቢ 23,000 ብር። ከዚህ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ 4,600፣ ለካላማዳሪያና ለቀረው ጥገና 5,300። የተረፈ 13,100።

ወጪው እስከዛሬ 250,200። እንዲህ ከሄደ ገንዘቤ ለመመለስ ከአራት ዓመት በላይ ነው፣ ያውም ባትሪ ሳይቀየር። ባለቤቴ ቁጥሩን አይታ ደብተሩን ዘጋችው። ከወጪው ውስጥ የተሳሳትኩበትን ብቻ ለየሁ፦ ቁልፎቹ፣ የማቆሚያው ማስተካከያ፣ ባትሪውን እንደገና መሥራት፣ ቻርጀሮቹ፤ 38,500 ብር። ቸርኬውን እዚህ አልጨመርኩም፣ ልጨምረውም አልፈለግኩም።

ለመብራት የወጣው ግን ያስቃል። ለቻርጅ ብቻ የገጠምኳት ትንሽ ቆጣሪ ሙከራውን ሁሉ ጨምሮ 41 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጥራለች። ምጣዳችን 12 ሰዓት ቢሠራ የሚበላው ነው። አንድ ሰው ጂረን ለማውጣት የሚወጣው መብራት ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ በታች ነው፤ ጅማ ውስጥ እንኳ።

ስለዚህ ሦስተኛ ሞተር አልገዛም። ያለውን ገንዘብ ትርፍ ባትሪ ላይ አደርገዋለሁ፦ የወረደችዋ ስትመጣ ባትሪዋ ወጥቶ የሞላው ይገባል፣ አምስት ሰዓት መጠበቅ የለም። ለዚህ የባትሪ መያዣው ያለ ካቻቪቴ በእጅ የሚከፈት መሆን አለበት። ሁለት ንድፍ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ተከፍቶ ባትሪው ወደቀ። ሁለተኛው ነገ ይበየዳል።

ሰኔ 22፣ እሑድ

መያዣው ይዟል። ዘጠኝ ቀን፣ አንዴም አልተከፈተም። ግን ዝናብ ካደረበት በኋላ መክፈቻው አልላቀቅ ይላል፤ ግራሶ ቀባሁት፣ ግራሶው ደግሞ ጭቃ ይሰበስባል። ጋሼ «ሻማ ሞክር» ብለዋል። ዛሬ ምን ማለትዎ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አሳዩኝም፦ ሰሙን ደረቅ አድርጎ ማሸት። ነገ ጠዋት ጂረን ወጥታ ስትመጣ እናያለን።